ስለ ወይራ ጢስና ስለ አይብ

በአገራችን ስለ ግብዣ በተነሣ ቍጥር የሚወራው ስለ ሥጋው፥ ስለ ዶሮ ወጡና ስለ ጠጁ ነው። አይብ ግን በገበታው ጠርዝ ተቀምጦ፥ የሚያቃጥለውን ማብረጃ፥ የጐደለውን መሙያ ሆኖ ይቈጠራል። እንኳን ተጋባዡ፥ ጋባዡ ራሱ አይቡ እንዴት እንደ ተሠራ ቢጠየቅ «ከጓዳ መጣ» ከማለት በቀር የሚመልሰው ብዙ የለውም። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ አይብን ከጠርዝ ወደ መካከል ልናመጣው አስበናል፤ ይኸውም በወይራ ጢስ በታጠነ ዕቃ ተዘጋጅቶ፥ በንጥር ቅቤና በቅመም ታሽቶ፥ በቆጮ ወይም በትኩስ ዳቦ እየተጠቀሰ የሚበላውን ነው። ምክንያታችንም በ2018 ዓ.ም. የመስቀል በዓል ሰሞን ይህ ምግብ በቤታችን ከሥጋና ከጠጅ የሚበልጥ ጉዳይ ተጥሎበት ስለ ነበረ ነው።

ቤታችን በአዲስ አበባ፥ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፥ መስቀል ፍላወር በሚባለው ሰፈር ነው። የሰፈሩ ስም ግማሹ የእኛ፥ ግማሹ የእንግሊዝ ቋንቋ ሲሆን ትርጓሜው የመስቀል አበባ፥ ማለትም አደይ አበባ ነው፤ በዚሁ ስም የሚጠራ ሆቴልም አለበት። ዛሬ ፎቅ በፎቅ ላይ ስለ ተሠራበት አደይ አበባ በሰፈሩ በቅሎ አይታይም፤ በመስከረም ወር ልጆች ከከተማው ዳር ለቅመው፥ በእጅ በእጅ አስረው፥ በመንገዱ ዳር ሲሸጡት ብቻ ነው የምናየው። ስለ ክትፎ ቤቶች ግን አንናገርም፤ በመስቀል ሰሞን በዚያ የሚያልፍ ሰው በአፍንጫው ያውቀዋል።

አማታችን የጎጃም ሰው ናቸው። ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፎአል፤ ዐይናቸውም ደክሞአል። ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው በአባታቸው መሬት ምክንያት ተጣልተው አራት ዓመት ሳይነጋገሩ ኖሩ። እኛ የችሎት ጸሐፊ እንደ መሆናችን ከአንድ ማሕፀን የወጡ ሰዎች በአንድ መዝገብ ላይ «ከሳሽ» እና «ተከሳሽ» ተብለው ሲጻፉ ብዙ ጊዜ በእጃችን ጽፈናል። የእነርሱ ነገር በእኛ ችሎት አልቀረበም፤ ቢቀርብም ኖሮ ዝምድና ስላለብን መዝገቡን አንነካውም ነበር። ሽማግሎች ገብተው በክረምቱ ወራት መሬቱን አካፈሉአቸው፤ ሁለቱም ፈረሙ። ይሁን እንጂ ከፊርማው በኋላም አልተጠያየቁም። በዚህ ጊዜ አማታችን ወደ አዲስ አበባ መጥተው ለባለቤታችን «ሽማግሌ ያስማማል እንጂ አያበላም፤ የማበላቸው እኔ ነኝ» አሉአት። ሥጋ እንግዛ ብንላቸው «ሥጋማ በየቤታቸው አለ» ብለው እንቢ አሉ። ልጆቹ በሕፃንነታቸው በእናታቸው ጓዳ ከአንድ ቅል እየተሻሙ የበሉትን አይብ እንሠራለን ብለው ቈረጡ። የመሰብሰቢያው ቀንም እሑድ መስከረም 18 ቀን ሆነ።

እዚህ ላይ ስለ ቀኑ ጥቂት መናገር ይገባናል፤ አይብ ቀን የሚቈጠርለት ምግብ ነውና። በ2017 ዓ.ም. መስቀል ዓርብ ስለ ዋለ ቅቤም፥ አይብም፥ ክትፎም ለማግሥቱ ቅዳሜ ተላልፎ ነበር። በ2018 ዓ.ም. ግን መስቀል ራሱ ቅዳሜ ዋለ። በበዓሉ ቀን ወተት መናጥ የማይገባ ስለ ሆነ ሥራው ሁሉ ዓርብ፥ በደመራው ዕለት፥ ማለቅ ነበረበት። ዓርብ ደግሞ ጾም ነው። እንግዲህ አማታችን ያንን ሁሉ አይብ አንዲት ጣት እንኳ ሳይቀምሱ በአፍንጫና በእጅ ብቻ ማውጣት ነበረባቸው። ጨውና ቅመም የሚገባበትን ሥራ ለቅዳሜ ማታ ያቈዩትም ስለዚህ ነው። የባልትና ትምህርት ከምላስ ይጀምራል የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ይሆን እያልን ተደነቅን።

የሥራው መጀመሪያ ግን ወተቱ አይደለም፤ ዕቃው ነው። ሰኞ መስከረም 12 ቀን አማታችን ሁለት ዕቃ አስቀረቡ፤ አንደኛው ከአገራቸው ይዘውት የመጡት መናጫ ቅል፥ ሁለተኛው ከገበያ የተገዛ አዲስ ገንቦ ነው። ሁለቱንም በግራዋ ቅጠል ውስጡን ደጋግመው አሹአቸው፤ በንጹሕ ውሃ አለቀለቁና አፋቸውን ደፍተው ፀሐይ ላይ አዋሉአቸው። በማግሥቱ በጣት ውፍረት የተፈለጠ ደረቅ ወይራ አቀጣጥለው፥ ነበልባሉ ሲወድቅና ጢሱ ሲነሣ ፍሙን ወደ ዕቃው ጨምረው፥ አፉን ከድነው፥ ጢሱ ግድግዳውን ሁሉ እንዲያገኘው እያገላበጡ ነቀነቁት። ፍሙ ሲሞት አመዱን አራገፉና በንጹሕ ጨርቅ ጠረጉት። ይህንንም ሁለት ጊዜ ደገሙት፤ ሦስተኛውን ግን ከለከሉ፤ ጢሱ ሲበዛ ወተቱ ይመራልና። ዐይናቸው ስለ ደከመ የዕቃውን መብቃት ያወቁት አፍንጫቸውን ወደ ቅሉ አፍ አስጠግተው ነው። በዚያ ሰዓት ከፎቅ ላይ የሚኖር ጎረቤታችን በመስኮት ብቅ ብሎ «እሳት ተነሣ እንዴ?» ሲል ጠየቀን፤ ነገሩ ከተገለጠለት በኋላ ግን ከሠራተኞቹ አንዷን ልኮ ለራሱ ቤትም አንድ ማሰሮ አሳጠነ።

ይህ ማጠን ለሽታ ብቻ የሚደረግ ጌጥ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በእንጨት ጢስ ውስጥ ፌኖል የሚባሉና ሌሎችም ቅመሞች ይገኛሉ፤ እነዚህም በዕቃው ቀዳዳ ውስጥ የተሸሸጉትን በዐይን የማይታዩ ተሐዋስያን ያዳክማሉ፥ መራባታቸውንም ያዘገያሉ። ስለዚህ በታጠነ ዕቃ የተቀመጠ ወተት ቶሎ አይረጋም፤ ሲረጋም ጣዕሙ የተስተካከለ ይሆናል። ቅልና ሸክላ ቀዳዳ ያላቸው ዕቃዎች ስለ ሆኑ ለብቻቸው በውሃ አይጠሩም፤ እናቶቻችን ይህን ያወቁት የማጉያ መነጽር ሳያዩ ነው።

ሌሎች ሕዝቦችም አይብን በጢስ ያዘጋጃሉ። በፖላንድ አገር በታትራ ተራሮች የሚኖሩ እረኞች ኦስጺፔክ የሚባለውን የበግ ወተት አይብ በጨው ውሃ ነክረው፥ ከጎጆአቸው ጣራ ሥር ባለ መደርደሪያ ላይ አድርገው በምድጃ ጢስ ያደርቁታል፤ ስሙም በአውሮፓ አቈጣጠር በ2008 ዓ.ም. በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ተጠብቆአል። በዚያ አገር ጢሱ የሚገባው ወደ ተሠራው አይብ ነው። በእኛ አገር ግን ጢሱ ወደ ዕቃው ይገባል፤ ከዕቃው ወደ ወተቱ፥ ከወተቱም ወደ አይቡ ያልፋል። ስለዚህ የእኛ አይብ የጢሱን ሽታ የሚሰጠው ቀስ ብሎ፥ ከጐረሡት በኋላ ነው። በትልልቁ ሱቅ ጢስ የጠጣ የውጭ አገር አይብ በውድ ዋጋ ለሚገዙ ወዳጆቻችን ይህን ልዩነት አንድ ቀን በቤታቸው ቢመረምሩት እንመክራለን።

ወደ ሥራው እንመለስ። ከ8 ሊትር ወተት የሚገኘው አይብ 1 ኪሎ ገደማ ነው። ለእንግዶቻችን 3 ኪሎ ያህል ስለ አስፈለገ ከሱሉልታ በኩል 24 ሊትር ያልተገፈፈ ወተት አስመጣን፤ ማክሰኞና ረቡዕ በየዕቃው ተደርጎ ተቀመጠ። ዓርብ ጧት እርጎው ጠንቶ ተገኘ። ባለቤታችንና ጎረቤታችን የሆኑት አንዲት የጉራጌ ወይዘሮ እየተፈራረቁ ናጡት፤ አማታችን በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር። ከአንድ ሰዓት በላይ ከተናጠ በኋላ የቅሉ ድምፅ ከልስላሴ ወደ ድፍን ምት ተለወጠ። «ወጣ፤ አሁን ተዉት» አሉ። በእርግጥም ቅቤው ተለይቶ ነበር። ለጋው ቅቤ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቦ ሊነጠር ለብቻው ተቀመጠ፤ አሬራው ወደ ድስት ተገለበጠ።

ከዚህ በኋላ ክርክር ሆነ፤ ይህንንም ሳናሳንስ እንጽፈዋለን፤ የብዙ ቤት ጉዳይ ነውና። አማታችን አሬራውን የሚያሞቁት እጃቸውን እየነከሩ ነው፤ እጅ ሊሸሽ ሲል እሳቱን ይቀንሳሉ። ቴርሞሜትር የሚባለውን የሙቀት መለኪያ ብንነክርበት 50 ዲግሪ አካባቢ አመለከተ። አይቡ በዚህ ሙቀትም ይጠረቅማል፤ ሲጠረቅምም እጅግ የለሰለሰ ይሆናል። ነገር ግን ከሚመጡት እንግዶች አንዷ የታናሹ ልጅ ሚስት የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ስለ ሉዊ ፓስተር የተማርነው ከልባችን አልጠፋም። ከዚያም ወዲህ እንዳነበብነው፥ ዴቪድ ብሩስ የሚባል የእንግሊዝ ጦር ሐኪም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1887 ዓ.ም. በማልታ ደሴት ወታደሮችን የሚጥል የትኵሳት በሽታ ምክንያቱን አገኘ፤ በ1905 ዓ.ም. ደግሞ የማልታው ሐኪም ቴሚስቶክሌስ ዛሚት በሽታው ወደ ሰው የሚሄደው በፍየል ወተት መሆኑን ገለጠ። ይህ ዛሬ ብሩሴሎሲስ የሚባለው በሽታ በላሞችም ዘንድ አለ፤ ላሚቱን ያስወርዳል፥ ሰውንም በሚመላለስ ትኵሳትና በመገጣጠሚያ ሕመም ያሠቃያል፤ ለነፍሰ ጡር ደግሞ ለፅንሱ ያሰጋል። የከብት ሳምባ ነቀርሳም እንዲሁ ባልፈላ ወተት ይተላለፋል። ጢሱ ያዳክማል ብለናል፤ እነዚህን ግን ፈጽሞ አያጠፋም። የሚያጠፋቸው እሳት ነው፤ ልኩም 63 ዲግሪ ሆኖ ሳይወርድ 30 ደቂቃ ያህል መቈየት ነው።

ይህን ለአማታችን በትሕትና ነገርናቸው። ጥቂት ዝም አሉና «እኔ ስድስት ልጅ በዚህ አሳድጌአለሁ» አሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ከስድስቱ በሕይወት ያሉት ሦስት ናቸው፤ የሞቱት በምን እንደ ሞቱ ማንም አልጻፈም። እኛም ይህን አልተናገርንም። ወይዘሮዪቱ ጎረቤታችን ግን ጣልቃ ገብተው «እማማ፥ ለሆዷ ልጅ ሲሉ ያድርጉት» ብለው ለመኑአቸው። አማታችንም «ልጄ፥ እንግዲያስ እርስዎ ብረቱን ይዩ፥ እኔ ፍሙን አያለሁ» አሉን። እንደዚሁ ሆነ። እኛ ቍጥሩን እንጠራለን፤ እሳቸው ፍሙን ይጨምራሉ፥ ይቀንሳሉ። ከ65 በታች ሳይወርድ፥ ከ70 በላይም ሳይወጣ ግማሽ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ቈየ። ከ70 ቢያልፍ አይቡ የደረቀ ይሆናል። የሰማንያ ዓመት እጅ እሳትን እንዲህ አድርጎ በአምስት ዲግሪ መካከል ሲይዝ አይተን፥ መለኪያውን የሚያስፈልገው ለእኛ እንጂ ለእሳቸው እንዳልነበረ ተረዳን፤ የጐደለው ልኩን የሚነግራቸው ብቻ ነበር።

የተጠረቀመው አይብ እስኪበርድ ሳይነካ ተቀመጠ፤ ቶሎ ያማሰሉት እንደ ሆነ ይበታተናልና። ከዚያም በንጹሕ ሻሽ ተቋጥሮ ተንጠለጠለ፤ አጓቱ በሥሩ በተቀመጠ ሳሕን ውስጥ ጠብ ጠብ ሲል አደረ። አይብ ከመቶው 79 እጅ ያህል ውሃ፥ ከ14 እስከ 15 እጅ ፕሮቲን ሲሆን፥ ቅባቱ ግን 2 እጅ አይሞላም። ቅቤው አስቀድሞ ወጥቶ ሄዶአልና። ለዚህ ነው አይብ ለብቻው ሲበላ ጕሮሮ ላይ የሚደርቀው፤ ተለይቶ የወጣው ቅቤ ከኮረሪማ፥ ከኮሰረትና ከበሶብላ ጋር ተነጥሮ ተመልሶ ሲገባበት ግን ምግቡ ይሟላል።

ቅዳሜ ማታ የቅመሙ ነገር ሲደርስ ሁለቱ ወይዛዝርት ተለያዩ። በጉራጌ ልማድ አይቡ ለክትፎ ባልንጀራ እንዲሆን ነጭነቱን ይዞ፥ በቅቤና በኮረሪማ ብቻ ታሽቶ ይቀርባል፤ ወይም በደቀቀ ጎመን ይለወሳል። ወይዘሮዪቱም «እማማ፥ ሚጥሚጣው ይቅርበት፤ ክትፎው ላይ አለ» አሉ። አማታችን ደግሞ «ክትፎ የለም እኮ፥ ልጄ፤ ዛሬ ጌታው አይቡ ነው» ሲሉ መለሱ። ፍርዱ ለሁለቱም ተሰጠ፤ ሁለት ገበታ ተሠራ። ልኩን ለሚፈልጉ እመቤቶች እንዲህ ነው፦ ለ1 ኪሎ አይብ አንድ የቡና ሲኒ ለብ ያለ ንጥር ቅቤ፥ አንድ የሻይ ማንኪያ ያልሞላ የተፈጨ ኮረሪማ፥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሚጥሚጣ፥ በጣም የደቀቀ ጥቂት ጤና አዳም፥ ጨውም እንደ ምላስ። እየጠቀሱ ለመብላት እንዲመች ከዚያው ከሞቀው አጓት በማንኪያ በማንኪያ እየጨመሩ ያለሰልሱታል፤ ያልፈላ እርጎ ግን አይጨመርበትም፤ የእሳቱን ድካም ያፈርሳልና። በመጨረሻ እንደ ገና በወይራ በታጠነና በተጠረገ ማሰሮ ውስጥ ገብቶ፥ ተከድኖ ያድራል። ሌሊቱን የሚጠጣው ጢስ የሚያስደስተው ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንግዶች መጡ። ታላቁ ልጅ ቀድሞ ገብቶ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ፤ ታናሹ ከነሚስቱ ዘግይቶ ደረሰ። ሰላምታቸው እጅ ለእጅ ብቻ ነበር። ማሰሮው ቀርቦ ክዳኑ ሲነሣ ታናሹ ሳያስበው «የቤታችን ቅል ነው!» አለ። ታላቁም «ማሰሮ ነው፤ ቅሉ ጓዳ ነው» ብሎ አረመው። ከአራት ዓመት በኋላ የተነጋገሩት የመጀመሪያ ነገር ይህ ነበር። አማታችን ሁለቱን ከአንድ ሳሕን ፊት አስቀምጠው ቆጮውን በእጃቸው ቈርሰው አካፈሉአቸው። ወዲያው ስለ አንዲት ግራጫ ላም፥ ማን ያልብ እንደ ነበረ፥ ማንስ ወተቱን ደፍቶ እንደ ተገረፈ ክርክር ተነሣ። ስለ መሬቱ ማንም አላነሣም። ነፍሰ ጡሪቱ ሁለት ጊዜ ጨምሩልኝ አለች፤ አማታችንም ወደ እኛ ዘወር ብለው ያልተሰማ ነገር ተናገሩ፤ ስለ ብረቱ ሳይሆን አይቀርም።

ከ3ቱ ኪሎ ግማሽ ኪሎ ያህል ሳይቀርብ በጓዳ ቀርቶ ነበር፤ ይህም በድንገት አልነበረም። በምዕራብ ጎጃምና በአዊ አገር መተታ የሚባል አይብ አለ፤ አይቡ ውሃው በደንብ ከጠፋ በኋላ ከነጭ ሽንኩርት፥ ከዝንጅብል፥ ከጥቁር አዝሙድና ከሚጥሚጣ ጋር ታሽቶ፥ በታጠነ ቅል ተጠቅጥቆ፥ አፉ ታሽጎ ከ15 ቀን እስከ አንድ ወር ይብላላል። እንደ ትኩሱ አይብ በሦስት ቀን የሚበላሽ አይደለም፤ በደንብ የተሠራው ለረጅም ጊዜ ይቀመጣል። አማታችን ማታውን ያንን ግማሽ ኪሎ በአሮጌው ቅል ጠቅጥቀው አሸጉና ለሁለቱ ልጆቻቸው «ጥቅምት 9 ቀን እሑድ ነው፤ መጥታችሁ ትከፍቱታላችሁ፤ ለብቻ የመጣ አይከፍተውም» አሉአቸው። ሁለቱም እሺ አሉ።

ጥቅምት 9 ቀን ታላቁ መጣ። ታናሹ ሥራ እንደ ያዘው በስልክ አስታወቀ፤ ድምፁ መልካም ነበር፤ ምክንያቱም እውነት ይመስላል። አማታችን እስከ ማታ ጠበቁ። ከዚያም ቃላቸውን ትተው ቅሉን ራሳቸው ከፈቱት፤ ሽታው ቤቱን ሞላው። ለታላቁ ድርሻውን ሰጥተው የታናሹን በትንሽ ቅል አድርገው አፉን እንደ ገና አሸጉት፤ ከጓዳችን መደርደሪያ ላይም አስቀመጡት።